ድንጋዩ 5 ኮከብ፣ ሱቁ 3 (የኪችን ግራናይት ልታሠሩ ያሰባችሁ አንብቡት)

ረዘመብኝ፣ ልቆርጠው ብዬ ተውኩት፣ የቸኮለ ሰው ወደታች ወርዶ ስለ ዋጋውና ስለ ሲንኩ ያለውን ብቻ አንብቦ ይሂድ። ሱቁን በስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ያበላሹብኝ ነገር አለ ግን ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ እንጀራቸውን መዝጋት አልፈልግም። ከቀለበት መንገዱ ዳር ካሉት ድንጋይ ቆራጮች አንዱ ነው፣ በቃ።

ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ትላላችሁ። አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ተምሬ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ሳቁ፣ ግዴለም፣ ለምጄዋለሁ። እናም የተማርኩት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ያተረፈልኝ የኪችን ካውንተር ስገዛ ነው።

የድሮው ካውንተራችን ኮንዶሚኒየሙን ከተረከብን በኋላ በሲሚንቶ አስሞልተን ነጭ ሴራሚክ ያስለጠፍንበት ነበር፣ በሴራሚኩ መሀል ያለው መስመር የስንት ዓመት ዘይትና በርበሬ ጠጥቶ ቡናማ ሆኗል፣ በምን ቢፈተግ አይለቅም፣ እማዬ እንግዳ ሲመጣ በጨርቅ ትሸፍነው ነበር። ዘንድሮ ዕቁብ ሲደርሰኝ ግራናይት ይሁን አልኩ። እማዬ ጥቁሩን ነው ምፈልገው አለች፣ እድፍ አያሳይም ብላ። (ያሳያል። የጎረቤታችንን አይቻለሁ፣ ውሃ ሲደርቅበት ነጭ ነጭ ምልክት ይተዋል፣ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ይዞ መዞር ነው።)

ግቢው ውስጥ ስትገቡ ድንጋዩ በብረት ማቆሚያ ላይ እንደ ትሪ ተደርድሮ ቆሟል፣ ከኋላ መቁረጫው ውሃ እየረጨ ይጮሃል፣ መሬቱ ሁሉ ነጭ ጭቃ ነው፣ ጥሩ ጫማ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ። ሻጩ ልጅ ጨዋ ነው፣ እህቴ እያለ ነው ሚያናግረው፣ አልጋ ላይ እንደተነጠፈ ጨርቅ እየገለጠ አሳየኝ። ግን ስለ ድንጋዩ ያለው እውቀት ሁለት ቃል ነው፦ ጠንካራው ግራናይት፣ ለስላሳው ማርብል። በቃ። ሌላ ነገር ስትጠይቁት "ተፈጥሮ ነው እህቴ" ይላል። ይቺን አባባል ያዙልኝ፣ ትመለሳለች።

ጥቁር ግራናይት ብሎ ያሳየኝ ነገር ለምሳሌ ግራናይት አይደለም። በዓለም ገበያ ላይ ጥቁር ግራናይት ተብሎ ሚሸጠው አብዛኛው ጋብሮ ወይም ዶለራይት ሚባል አለት ነው፣ ማለትም የባዛልት ዘመድ። ባዛልት ያው መንገዳችንን ያነጠፍንበት ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ማግማ ሚባለው የቀለጠ አለት መሬት ላይ ፈሶ ቶሎ ሲበርድ ባዛልት ይሆናል፣ ያው ቅልጥ ሳይወጣ እዛው መሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲበርድ ክሪስታሉ በዓይን እስኪታይ አድጎ ጋብሮ ይሆናል። ልጁ የደቡብ አፍሪካ ነው አለኝ፣ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ቡሽቬልድ ሚባል አካባቢ 2 ቢሊዮን ዓመት ያለፈው፣ ውፍረቱ ኪሎሜትሮች ሚቆጠርለት ማግማ መሬት ውስጥ በርዶ ቀርቷል፣ ጥቁር ስላብም (ተሰንጥቆ የወጣው ሰፊ ድንጋይ ማለት ነው) ፕላቲኒየምም ክሮምም ከሱ ነው ሚወጣው። እንደ ድንጋይ ጥሩ ነው፣ ከግራናይት አያንስም። እኔ ግን አልወደድኩትም፣ ጥቁር ነው፣ ምንም አይነግረኝም።

ከዛ ጥግ ላይ፣ ማንም ዞር ብሎ ሚያየው የማይመስል፣ ግማሹ በአቧራ የተሸፈነ ሮዝ ስላብ አየሁ። "እሱ ያገር ውስጥ ነው እህቴ፣ ከሐረርጌ ነው፣ ለደረጃ ነው ሚወስዱት" አለኝ እንደማፈር ብሎ። ውሃ አምጣልኝ አልኩት። ድንጋይ ስትገዙ ሁልጊዜ ውሃ አፍሱበት፣ ፖሊሽ ያልሆነም ቢሆን እርጥብ ሲሆን እውነተኛ ቀለሙን ያወጣል። አፈሰስኩበትና አይ፣ እማዬ ይቅር ትበለኝ አልኩ።

እስቲ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትልልቁ ሮዝ፣ የአውራ ጣት ጥፍር ሚያክለው፣ ፌልድስፓር ሚባል ማዕድን ነው። ነጭ ነጩም ሌላ ዓይነት ፌልድስፓር ነው። ጥቁር ቅጠል ሚመስለው፣ ብርሃን ሲያገኝ ብልጭ ሚለው ማይካ። ግራጫ ሆኖ የተሰበረ ጠርሙስ ሚመስለው ኳርትዝ። አሁን ቅርጻቸውን እዩ፣ ማይካውና ነጩ ፌልድስፓር ጎናቸው ቀጥ ያለ ነው፣ የራሳቸው ቅርጽ አላቸው፣ ኳርትዙ ግን ምንም ቅርጽ የለውም፣ በሌሎቹ መሀል የተረፈውን ክፍተት ሞልቶ ነው ያለው። ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ሚኒባስ ላይ መጀመሪያ የገባው መስኮቱ ጋ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ መጨረሻ የመጣው ጠጋ በሉለት እየተባለ በተረፈችው ቦታ ጎኑን አጥፎ ይገባል አይደል፣ ኳርትዝ እሱ ነው።

ማግማ ሲበርድ እንደ ውሃ በአንዴ በረዶ አይሆንም። የባዛልቱ ዓይነት ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጀምርና እየበረደ ሲሄድ ማዕድናቱ ተራ ይዘው ነው ሚወጡት፣ እያንዳንዱ ሲወጣ የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳልና የቀረው ፈሳሽ ጸባዩ ይቀየራል፣ ሲሊካው (ኳርትዝ ሚሠራበት ነገር) እየበዛ፣ እየወፈረ ይሄዳል። ኖርማን ቦወን ሚባል ሰው የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አለት በምድጃ እያቀለጠ ይሄን ቅደም ተከተል አውጥቶታል፣ እኛም ለፈተና ሸምድደነዋል። ግራናይት የዚህ ሰልፍ ጭራ ነው፣ ወደ 700 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው ነገሩ ሚያልቅለት። ስለዚህ ምድጃ ላይ የነበረ ድስት ብታስቀምጡበት አይደነቅም፣ ከዛ የባሰ አይቷል። (ድንጋዩ አይደነቅም፣ ላዩ ላይ የተቀባው ሙጫና ኬሚካል ግን ሊደነቅ ይችላል፣ ስለዚህ እኔ አሁንም ከስር ጨርቅ አደርጋለሁ።)

ሰው የማግማ ክፍል ሲባል ከመሬት ስር ያለ ዋሻ፣ ውስጡ ቀይ ሾርባ ሚንተከተክበት ይመስለዋል፣ ስንማር የተሳለልንም እንደዛ ነበር። አሁን ግን አጥኚዎቹ ሚሉት ብዙውን ዕድሜውን ሾርባ ሳይሆን ቅንጬ ነው። አብዛኛው ክሪስታል፣ በመሀሉ ትንሽ ፈሳሽ። ቅንጬ ድስት ውስጥ ስታዘነብሉት ወዲያው አይፈስም አይደል፣ ግን ደረቅም አይደለም፣ ከስር እሳት ሲጨመርበት ደሞ ይላላል። መሬት ውስጥም እንደዛው፣ ከስር አዲስ ትኩስ ማግማ ሲመጣ ይላላል፣ ሲቀር ይጠነክራል፣ ደሞ ይመጣል። አሜሪካ ዮሰሚቲ ያለው ትልቁ የግራናይት ክምር በአንድ ጊዜ የገባ ሳይሆን 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እየተጨማመረ የተሠራ እንደሆነ በዕድሜ ልኬት ታይቷል።

ለመብረድስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ይሄን ድፎ ዳቦ ጋግሮ ሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። ቂጣ ከምጣድ ስታወጡት ደቂቃ ሳይሞላው ይበርዳል፣ ድፎው ግን ማታ የተጋገረው ጠዋት ስትቆርሱት መሀሉ ለብ ያለ ነው፣ ኮባ ከተጠቀለለማ አትጠይቁኝ። አለት ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ዙሪያው ያለው መሬት ለማግማው እንደ ጋቢ ነው። ደሞ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የመብረጃው ጊዜ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው ሚሆነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ ውስጥ የገባ ማግማ በቀናት ወይም በሳምንታት ይጠጥራል። በ1998 ዓ.ም መስከረም አፋር ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎሜትር ርዝመት እስከ 8 ሜትር ስፋት ያለው ማግማ መሬት ሰንጥቆ ገብቶ ነበር፣ እሱን ከወራት እስከ አንድ ዓመት ገደማ በሉት። ሃዋይ ውስጥ በፈረንጆች 1959 አንድ ጉድጓድ ከመቶ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ላቫ (መሬት ላይ የወጣ ማግማ) ተሞላ፣ አናቱ ክፍት ነው፣ ዝናብ ይዘንብበታል፣ እንዲያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ ለመጠጠር 35 ዓመት አካባቢ ፈጅቶበታል፣ በየጊዜው እየቦረቦሩ ሲለኩት ኖረዋል። አንድ ኪሎሜትር ውፍረት ያለው፣ መሬት ውስጥ የታፈነ ከሆነ ደግሞ በአሥር ሺዎች ዓመት ነው ሚቆጠረው። ክሪስታል ሲሠራ እሱም ራሱ ሙቀት ይለቃል፣ ያም ያዘገየዋል። ውሃ በስንጥቁ ገብቶ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ካልወሰደው በቀር። አሉቶ ላንጋኖ እንፋሎቱን ሚያወጡት ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ሚሞቅ ጉድጓድ አለው።

እንግዲህ እኔ ፊት የቆመው ሮዝ ስላብ፣ ጥፍር ሚያክል ክሪስታል ያለው፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ብዙ ኪሎሜትር መሬት ውስጥ ሆኖ ማንም ሳያጣድፈው የበረደ ነው፣ በላዩ የነበረው ሁሉ ተሸርሽሮ አልቆ ነው ባቢሌ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ተነባብሮ ቆሞ ምናየው። ተቃራኒው ባልጩት ነው። ያው ሲሊካ የበዛበት ቅልጥ፣ ግን ቶሎ ስለበረደ አንድም ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያላገኘ፣ ዝም ብሎ ጠርሙስ። እና ልጁ ይሄን ለደረጃ ነው ይለኛል።

ዋናው ነገር ገና ነው። ስላቡን ሙሉ ስናጥበው ቀኝ ጎኑ ላይ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ሚያክል ጥቁር ሞላላ ነገር ብቅ አለ። ልጁ ደነገጠ። "ውይ እህቴ ይሄ ብላሽ ነው፣ እሱን ቆርጠን እናወጣልሻለን፣ ወይ ሌላ ላሳይሽ።" ጠጋ ብዬ አየሁት። ደቃቅ ነው፣ ክሪስታሉ በዓይን አይለይም፣ ጠርዙ ደግሞ ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ጎመን ቅጠል የተኮማተረ። ልቤ ዘለለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ይሄኮ ከስር የመጣ ትኩስ ባዛልት ነው። ግራናይቱ ገና ቅንጬ ሆኖ 700 ምናምን ዲግሪ ላይ እያለ፣ ከሱ በብዙ መቶ ዲግሪ ሚበልጥ ቀጭን ማግማ ከታች ገባበት፣ ሲገባ ለትኩሱ ይሄ ቀዝቃዛ ነው፣ የሻማ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚሆነው እዛው ተኮማትሮ ጠጠረ። ለዛ ነው ደቃቅ የሆነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ አንድ ሮዝ ፌልድስፓር አለ፣ ግማሹ ጥቁሩ ውስጥ ግማሹ ውጪ። ይሄ ማለት ሁለቱም ያኔ ለስላሳ ነበሩ ማለት ነው፣ አንዱ ጠጣር ቢሆን ኖሮ ክሪስታሉ እንደዛ በድንበሩ ላይ አይሻገርም። ትምህርት ቤት እያለን ይሄን ለማየት በመኪና ተጭነን ስንት ሰዓት ሄደን ፀሐይ ላይ ቆመናል፣ አሁን ኪችኔ ድረስ ሊመጣልኝ ነው።

ፊቴን ግን አላሳየሁም። ባንክ መሥራት ይሄን ያስተምራል። "እሺ ብላሽ ከሆነ ስንት ትቀንስልኛለህ?" አልኩት። ስልክ ደወለ፣ ተማከረ፣ ደህና አድርጎ ቀነሰልኝ። እንዲያውም ጥቁሩ ምጣዱ አጠገብ፣ በደንብ ሚታይበት ቦታ እንዲሆን አድርጋችሁ ቁረጡልኝ ስለው ልጁ ቆራጩን አየው፣ ቆራጩ እኔን አዩኝ። ቆራጩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው ምላቸው፣ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ይቺን ነገር እኔም ቤት አለችኝ፣ ለመቃብር ድንጋይ አይሆንም ብለው ጥለውት ወስጄው ነው፣ ምንድናት ግን?" አሉኝ። መሬቱ ላይ ቁጢጥ ብለን ነጩ ጭቃ ላይ በጣቴ እየሳልኩ ነገርኳቸው። "እንዴ፣ ወጥ ላይ ወጥ ጨምረውበት ነዋ" አሉ። ከዚህ በላይ ማን ይገልጸዋል። ሱቁ ከሦስቱ ኮከብ ሁለቱን ያገኘው በሳቸው ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። በሁለት ሳምንት ያሉት አምስት ሳምንት ፈጀ፣ መብራት ጠፋ፣ ዲስክ ጠፋ፣ መኪና ጠፋ፣ እሱ ይለፍ። የተገጠመው ጋሼ በሌሉበት ቀን ነው፣ ሁለት ወጣቶች መጥተው። የሲንኩን ቀዳዳ እዛው ኪችን ውስጥ በግራይንደር ቆረጡት፣ ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይቀር በጣት ስም ይጻፍ ነበር። እና ማዕዘኑን ክብ አድርጎ መቁረጥ ሲገባ ቀጥ አድርገው፣ ዲስኩን እያሳለፉ ቆረጡት። ከሲንኩ ፊት ያለችው ክፍል ደግሞ አራት ጣት ብትሞላ ነው፣ ስላቡም 2 ሴንቲሜትር ነው፣ ጫናው ሁሉ ማዕዘኗ ላይ ይሰበሰባል። ሲጭኑት ጧ አለ። ፀጥ ተባለ። ከማዕዘኑ እስከ ፊት ጠርዝ ድረስ ፀጉር ሚያክል ስንጥቅ።

ደውዬ ፎቶ ላኩለት ለሻጩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ተፈጥሮ ነው እህቴ።"

ኧረ! ተፈጥሮ የሆነውን ጥቁር ብላሽ ነው ብሎ ሊያስቆርጠኝ ነበር፣ ግራይንደር የሰነጠቀውን ተፈጥሮ ነው ይለኛል። ስንጥቁ በትክክል ዲስኩ ካለፈበት ጫፍ ነው ሚነሳው፣ ሮዙንም ኳርትዙንም እኩል ሰንጥቆ ነው ያለፈው፣ ከውስጡ ነጭ ትኩስ ዱቄት ይወጣል፣ የግማሽ ቢሊዮን ዓመት ስንጥቅ ውስጡ ወይ ዝገት ወይ ሌላ ማዕድን ይሞላበታል እንጂ እንዲህ ንጹህ አይሆንም አልኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ጋሼ ራሳቸው መጡ፣ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ልጆቹን ምንም አላሉም ፊቴ፣ ከስር ቀጭን ብረት በኤፖክሲ ቀበሩበት፣ ስንጥቁን ደግሞ የዛኑ ድንጋይ ዱቄት ከኤፖክሲ ጋር ለውሰው ሞሉት። ጠንክሯል፣ ግን በጎን ብርሃን ሲመጣ ይታያል። ለማያውቅ አይታይም፣ እኔ ግን ሰሃን ባጠብኩ ቁጥር አየዋለሁ።

ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ሳምንት ውሸት ይሆናል። ከውጪ ከገባው በካሬ በደንብ ይረክሳል፣ የጠርዝ ፖሊሽ በሜትር ለብቻው ነው ሚያስከፍሉት፣ የሲንክና የስቶቭ ቀዳዳም ለብቻው ነው፣ መጀመሪያ ስትዋዋሉ ሁሉንም አስጽፉ፣ ቀብድ ከግማሽ በላይ እንዳትሰጡ። የሲንኩ ቀዳዳ ሱቁ ውስጥ በውሃ ይቆረጥ በሉ፣ ማዕዘኑ ክብ ይሁን፣ ከፊት ያለው ክፍል ሰፋ ይበል። ከቻላችሁ 3 ሴንቲሜትሩን ውሰዱ። ማርብል በግራናይት ስም እንዳይሸጡላችሁ ደግሞ ጥግ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ትንሽ ቆይቶ ቦታው ከደበዘዘ ማርብል ነው፣ ግራናይት ሎሚ ምንም አያደርገውም። ሻጩ ቅር ካለው እሱም መልስ ነው።

አራት ወር ተጠቅመንበታል። እርድ ፈሶበታል፣ ቁሌት ተረጭቶበታል፣ ለቅለቅ ሲደረግ ይለቃል፣ አንዴ ብቻ ዘይት አድሮበት ጥላ ነገር ትቶ ነበር፣ በሳምንቱ ጠፋ። ፖሊሹ ጥሩ ነው፣ ከግራ በኩል ካለው ጠርዝ በቀር፣ እዛ ጋ በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል። እማዬ መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አኩርፋ ነበር፣ ጥቁር አልኩሽ ሮዝ ታመጪልኛለሽ ብላ፣ አሁን ዳቦ ስታቦካ ሊጡን ጥቁሩ ላይ ነው ምታሳርፈው፣ ቀዝ ይላል ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጨርቁን አንስታ "ይሄ እሳተ ገሞራ ነው" እያለች ታሳያለች፣ ባለፈው ለአክስቴ ስታስረዳ ከአፌ ቀምታ ነው የተናገረችው፣ ትንሽ ቢያሳስታትም አላረምኳትም። በ2017 ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አልጋችን እየተወዛወዘ ሌሊት ደረጃ ስንወርድ የነበርን ሰዎች ነን፣ ያኔ ምንድነው እያለች ስትጨነቅ ማግማ መሬት ውስጥ እየገባ ነው ስላት አልገባትም ነበር። አሁን ገብቷታል፣ በጣቷ ጥቁሩን እየነካች "እንዲህ ያለው ነው አይደል የገባው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነው አልኳት።

የግራውን ጠርዝ ሊያስተካክሉልኝ ቅዳሜ እንመጣለን ብለዋል። የቱ ቅዳሜ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እስካሁን ሦስት አልፏል።